የሰፈር የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ እንዴት ይሠራል? ለድሬ ሰፈሮች ዝርዝር መመሪያ

«የሰብዓዊ መብት ኮሚቴ» ሲባል ድሬ ላይ ሰው ሁለት ነገር ያስባል። ወይ ፖለቲካ ነው፣ ወይ አበል ያለበት ስልጠና ነው። ሁለቱም አይደለም ስትሉት ደግሞ «ታዲያ ምን ልትሠሩ ነው?» ይላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

ኮሚቴው ዳኛ አይደለም። ፖሊስም አይደለም። እርዳታ አከፋፋይም አይደለም። ሥራው በሕግ የተፈቀደለት ነገር እያለ እዚያ ድረስ መሄድ ያቃተውን ጎረቤት አብሮ ሄዶ ማድረስ ነው። ሴፍቲኔት (የመንግሥት የድጎማ ፕሮግራም) ሲገባቸው ስማቸው የቀረ አሮጊት፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ፣ ከግቢ ወጥታ የማታውቅ ዓይነ ስውር ወጣት። ንግግር ማድረግ የሚወድ ሰው እዚህ ኮሚቴ ውስጥ ቶሎ ይሰለቻል፣ ቀድማችሁ ንገሩት።

ከታች ያለው ለከተማ ቀበሌዎች ነው። ሐረር ያላችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል፣ እድር ያልኩበትን አፎቻ ብላችሁ አንብቡት።

አንደኛ፦ አዲስ ማኅበር አትመሥርቱ

ብዙ ሰው ከማኅተም ይጀምራል። ስም ይወጣል፣ አርማ ይሳላል፣ ባነር ይታዘዛል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ይልቅ ያለውን እድር ተጠቀሙ። እድሩ አባል አለው፣ ድንኳንና ወንበር አለው፣ ከሁሉም በላይ ሰው ያምነዋል።

በሕግም ቀላል ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን አይመለከትም። ስለዚህ በእድሩ ሥር ንዑስ ኮሚቴ ለማዋቀር የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ይበቃችኋል። ወደፊት ከለጋሽ ገንዘብ መቀበልና በራሳችሁ ስም ፕሮጀክት መሥራት ከፈለጋችሁ ግን መመዝገብ ይኖርባችኋል፤ ድሬዳዋ ላይ የሚቋቋም ድርጅት የሚመዘገበው ደግሞ በፌደራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። እሱን ለሁለተኛው ዓመት አቆዩት።

ቃለ ጉባኤው ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ኮሚቴው የሚሠራው፣ የማይሠራው፣ ሪፖርት የሚያደርገው ለማን እንደሆነ። ሁለተኛውን አትዝለሉት። «ኮሚቴው የባልና ሚስት ጉዳይ አይዳኝም፣ ገንዘብ አያበድርም፣ በምርጫ ጉዳይ አይገባም» የሚል ቃለ ጉባኤ በኋላ ከብዙ ጣጣ ያድናችኋል። ግልባጩን ለቀበሌው ስጡ። ፈቃድ ለመለመን አይደለም፤ ነገ ደብዳቤ ይዛችሁ ስትሄዱ «እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» እንዳትባሉ ነው።

ሁለተኛ፦ ማን ይግባ፣ ማን ይቅር

ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም።

ቢያንስ አንድ አካል ጉዳተኛ ይኑር፣ «የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የሚከታተል» ሰው ሳይሆን ራሱ አካል ጉዳተኛ የሆነ። ከሴቶች እድር አንዲት ሴት፣ ከተቻለ ሁለት። አፋን ኦሮሞና ሶማልኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው ግድ ነው፤ በአማርኛ ብቻ የሚንቀሳቀስ ኮሚቴ ድሬ ላይ ግማሹን ሰፈር አያገኘውም። አንድ ጡረተኛ የቢሮ ሰውም ፈልጉ። የምድር ባቡር ጡረተኛ ካገኛችሁማ ወርቅ ነው፤ ፋይል እንዴት እንደሚያዝ፣ ደብዳቤ የት ገቢ እንደሚደረግ፣ አለቃ መቼ ቢሮ እንደሚገኝ ያውቃል። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን አባል ማድረግ የለባችሁም፣ ስልኳ ግን ይኑራችሁ።

የቀበሌ አመራር አታስገቡ። ጥሩ ሰው ቢሆንም አታስገቡ። ነገ ቅሬታው በእሱ ቢሮ ላይ ሲሆን እሱም ይቸገራል፣ እናንተም ትቸገራላችሁ። የፖለቲካ ፓርቲ ቅስቀሳ ላይ ያለ ሰውም እንደዚሁ።

አካል ጉዳተኛ አባል አላችሁ ማለት አካታች ሆናችሁ ማለት አይደለም። መስማት የተሳነው አባል ያለ አስተርጓሚ ከተቀመጠ ወንበር ሞላ እንጂ አልተሰበሰበም። አስተርጓሚው ደግሞ ወንድሙ ወይም ሚስቱ ባይሆን ይመረጣል። ቤተሰብ ሲተረጉም የራሱን ሐሳብ ጣል ማድረግ ይወዳል። የምልክት ቋንቋ የሚችል አስተማሪ ከትምህርት ቤት ጠይቁ፤ ካልተገኘና ሰውየው ማንበብ የሚችል ከሆነ አጀንዳውን ቀድማችሁ በጽሑፍ ላኩለት፣ ስብሰባው ላይም ጸሐፊው አጠገቡ ተቀምጦ ይጻፍለት። ይጎተታል። ይጎተት።

ስብሰባው ምድር ቤት ይሁን። ሰዓቱ ቀትር ላይ አይሁን፣ በድሬ ፀሐይ ሽማግሌ አታንከራትቱ። ዓርብ ጁምዓና እሁድ ጠዋት አይነካም። በርጫ (የጫት ሰዓት) ከተጀመረ በኋላ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ደግሞ አቦ፣ ድሬን አያውቃትም።

ሦስተኛ፦ ቤት ለቤት ሂዱ፣ ግን ጥያቄውን ቀይሩት

ቤት አንኳኩታችሁ «አካል ጉዳተኛ አለ?» ብትሉ መልሱ «የለም» ነው። ሰው ልጁን መደበቁ ብቻ አይደለም፤ ብዙው ቤተሰብ እናቱ መራመድ ካቆሙ «አረጁ» ይላል እንጂ «አካል ጉዳተኛ» አይልም። እንዲህ ጠይቁ፦ «እቤት የሚውል ማን አለ?» «ብቻውን የሚያድርስ?» «ትምህርት ቤት የማይሄድ ልጅ አለ?» «መታወቂያው ያለቀበት ወይም የሌለው?» በዚህ መንገድ ስትጠይቁ በር ይከፈታል፣ ውሃ ይቀርባል፣ ከዚያ «ኧረ ከጓሮ ያለችው ተከራይ…» የሚለው ይመጣል።

የእድር መዝገብ ላይ ብቻ አትመኩ። ዋናው ቀዳዳ እሱ ነው። በጣም የተቸገረ ሰው መዋጮ መክፈል ስለማይችል እድር ውስጥ የለም። ደቻቱ ወንዝ ዳር በላስቲክ የሚኖረው፣ በ2010 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል ድንበር በነበረው ግጭት ተፈናቅሎ መጥቶ ተከራይቶ የቀረው፣ ከገጠር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራው ልጅ፣ እነዚህ በእድር መዝገብ አይገኙም። የሚያውቋቸው ሌሎች ናቸው፦ ጉሊት የምትሸጠው፣ እንጀራ የምታከፋፍለው፣ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ሱቅ በዱቤ የሚሰጠው ልጅ። መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ።

ባለ አራት ገጽ ፎርም ይዛችሁ አትሂዱ። ፎርም ያየ ሰው እርዳታ ሊመጣ ነው ብሎ ይጠብቃል፣ ካልመጣ ደግሞ ዳግም በር አይከፍትላችሁም። አንድ ደብተር ይበቃል። ደብተሩ ላይ ስም አይጻፍ፣ ቁጥር ይጻፍ። የቁጥርና የስም ማዛመጃው በሌላ ወረቀት ሆኖ ጸሐፊው ቤት ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የኤች አይ ቪ፣ የጥቃትና የአእምሮ ሕመም ጉዳይ ሁሉም አባል በሚያየው ደብተር ላይ በጭራሽ አይሰፍርም። ሰፈር ነው፤ ወሬ ከእናንተ ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል።

አራተኛ፦ አንድ ጉዳይ ከጫፍ እስከ ጫፍ

ምሳሌ እንውሰድ። በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ሴት አለች። መታወቂያዋ አልቋል። እህቷን ብትልክ «ራሷ ትምጣ» ተባለ። ቀበሌው ደቻቱን ተሻግሮ ነው። ሌላው ሰው በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ አቋርጦ በአጭሩ ይደርሳል፤ የዊልቸር የፊት ጎማ ግን አሸዋ ውስጥ ሲገባ ይቀረቀራል፣ ስለዚህ በድልድዩ ዞራ መሄድ አለባት። ባጃጅ ያያትና ያልፋል። እንደምንም ስትደርስ የቀበሌው በር ሦስት ደረጃ አለው።

እዚህ ጋ «ምስኪን» ብሎ ገንዘብ ማዋጣት ይቀናናል። ጉዳዩ ግን የገንዘብ አይደለም። ሦስት የተለያዩ መሰናክሎች ናቸው፣ ለየብቻቸው ፍቱአቸው።

ባጃጁን በተራ አስከባሪው በኩል ጨርሱት። ታጣፊ ዊልቸር ታጥፎ ከኋላ ይታሰራል፤ ሾፌሩ የሚፈራው ጊዜ እንዳይፈጅበት ነው። አንድ ሁለት ሾፌር ለይታችሁ አስለምዷቸው፣ ስልካቸው እሷ ጋ ይሁን። ዋጋው የማንም ሰው ዋጋ ይሁን፣ ይህን ተራ አስከባሪው ፊት ተነጋገሩበት።

መታወቂያውን ዛሬ ጨርሱት። ራምፕ (በደረጃ ፋንታ የሚሠራ ተዳፋት) እስኪሠራ አትጠብቁ። ሠራተኛው መዝገቡን ይዞ ደጅ ወርዶ ያስፈርማት። አብዛኛው ሠራተኛ በደንብ ከተጠየቀ ይወርዳል፣ እስከ ዛሬ የጠየቀው ስለሌለ ነው።

ደረጃው ትልቁ ነገር ነው፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሕንፃ ሕጉ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም ሆነ ደረጃ መውጣት ለሚያቅተው የሚሆን መግቢያ ይኑረው ይላል። ደብዳቤው ላይ ይህችን ጥቀሱ። ከዚያ ግን ሥራው ሲጀመር እዚያው ቆማችሁ ተከታተሉ፤ ምክንያቱም ግንበኛው «ራምፕ» ሲባል ለሞተር ሳይክል የሚሆን ቁልቁለት ይሠራል። በየቦታው ያለውን እዩት፦ ተሠርቷል፣ ቀለም ተቀብቷል፣ ማንም በዊልቸር አይወጣበትም፣ ሲወርድ ደግሞ በግንባር የሚጥል ነው። በሰፊው የተለመደው ልኬት 1 ለ12 ነው። ለአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሦስቱ 45 ይሆናሉ፣ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይረዝማል። «ቦታ የለም» ይሏችኋል። ግድግዳውን ተከትሎ ይታጠፍ፣ መታጠፊያው ላይ ዊልቸር የሚዞርበት ሜዳ ይኑረው። ስፋቱ ከ90 ሴንቲ ሜትር አይነስ፣ ጠርዙ ላይ ጎማ እንዳያመልጥ ከፍ ያለ ክንፍ ይውጣለት፣ ወለሉን ልሙጥ አታድርጉት። ከመረከባችሁ በፊት እሷ ራሷ ወጥታ ትውረድበት። እሷ ካልተመቻት አልተሠራም።

አምስተኛ፦ ወረቀት

አሰልቺው ሥራ ይህ ነው፣ ግን ከግማሽ በላይ የሆነውን ችግር የሚፈታው እሱ ነው።

ልደት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ቀኑ ስላለፈ ግን ቀረ ማለት አይደለም፣ የዘገየ ምዝገባ አለ። አባት የለም ተብሎ የሚመለስ ሰው ካጋጠማችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ አባት ባይኖርም እናት ማስመዝገብ ትችላለች። ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ የተወለደ ከሆነ የልደት ማሳወቂያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ምስክር አዘጋጁ።

መታወቂያ። ለተፈናቃይ ሰው ትልቁ ማነቆ መሸኛ ነው። ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ አምጣ ይባላል፤ ሰውየው የተሰደደው ደግሞ ከዚያው ቀበሌ ነው። እዚህ ላይ የእድሩ ደብዳቤና የሦስት ጎረቤት ምስክርነት ይጠቅማል። ውጤቱ እንደ ቢሮው ይለያያል፣ ዋስትና አይደለም፣ ግን ባዶ እጅ ከመሄድ ይሻላል።

ሴፍቲኔት። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር ከ11ዱ ከተሞች ድሬዳዋም ሐረርም ነበሩበት። ሲቀረጽ ከተጠቃሚው 84 ከመቶው ሠርቶ የሚከፈለው፣ 16 ከመቶው ደግሞ መሥራት ለማይችሉ በቀጥታ የሚሰጥ ድጋፍ ነበር። ብዙ አረጋዊ «መጥረጊያ ይዤ መሥራት አልችልም» ብሎ የሚቀረው ሁለተኛውን ስለማያውቅ ነው። የምልመላ ዝርዝር ሲለጠፍ ቶሎ አንብቡት፣ የቀረ ሰው ካለ የቅሬታ ጊዜው ሳያልፍ አስገቡ። ካለፈ በኋላ የሚመጣ ቅሬታ ሮሮ ብቻ ነው የሚሆነው።

የጤና መድን። መዋጮ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ተለይቶ መንግሥት የሚከፍልለት አሠራር አለ። ልየታው ከታች ነው የሚጀምረው፣ ስለዚህ ዝርዝራችሁን ከልየታው በፊት አድርሱ።

ስድስተኛ፦ ስሱ ጉዳዮች

አስገድዶ መድፈር ሲሆን አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፦ ጊዜ። በ72 ሰዓት ውስጥ ሆስፒታል ከደረሰች የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ታገኛለች፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። አትታጠብ፣ የለበሰችውን ልብስ በወረቀት ከረጢት ያዙ። ድልጮራ ወይም ሳቢያን ሆስፒታል አብራችሁ ሂዱ፣ ፖሊስ 991 ነው። «ሽማግሌ ልከን እንጨርሰው» የሚል ሰው ይመጣል፣ አንዳንዴ ከእናንተው ውስጥ። ይህ የእርቅ ጉዳይ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ኮሚቴው አይመረምርም፣ «ምን ለብሰሽ ነበር» አይልም። አብሮ ሄዶ አብሮ ይጠብቃል፣ በቃ።

በሰንሰለት የታሰረ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ስትደርሱ ደግሞ ፖሊስ ይዛችሁ አትግቡ። ቤተሰቡ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም ያሰረው። ጠበል ሞክሯል፣ ሼኽ ጋ ሄዷል፣ ልጁ ማታ ወጥቶ በመኪና ሊገጭ ተርፏል፣ እናት ሥራ መዋል አለባት። መጀመሪያ እናቲቱን አዳምጡ። መድኃኒት ጀምሮ ያውቃል? ለምን አቆመ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አለቀ» ወይም «የትራንስፖርት አጣሁ» ነው። ቀጠሮ ያዙ፣ ባጃጁን አመቻቹ፣ መድኃኒቱን ማን እንደሚያስታውስ ተስማሙ። ሰንሰለቱ የሚፈታው መድኃኒቱ ሲሠራና ቀን የሚጠብቀው ሰው ሲኖር ነው። ቀን ቀን በየተራ የሚቀመጥ ሰው ማግኘት ካልቻላችሁ ለእናቲቱ የሰጣችሁት ምክር ብቻ ነው። ልጁ እየተደበደበ ወይም እየተራበ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፣ ያኔ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለባችሁ።

ሰባተኛ፦ ቢሮው እምቢ ሲል

ሕግ እየጠቀሳችሁ አትግቡ። ሰላም በሉ፣ ጉዳዩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ካልሆነ በጽሑፍ። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን ገቢ አስደርጉ፣ ሁለተኛው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይረፍበት። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ነገ «አልደረሰንም» ይባላል። ሁለት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ ለበላዩ ኃላፊ።

ሕገ መንግሥቱ እዚህ ላይ ይምጣ። አንቀጽ 25 የእኩልነት ነው። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ልጆችን እንዲደግፍ ይጥልበታል። «ዐቅም በፈቀደ» የምትለዋን ይዘው ይከራከሯችኋል፣ ተዘጋጁ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቁትን ነገሮች መጠየቅ የሚያዋጣው፦ ደጅ ወርዶ ማስፈረም፣ ተራ ማስቀደም፣ ዝርዝር ጮክ ብሎ ማንበብ።

የአስተዳደር በደል ከሆነ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የመብት ጥሰት ከሆነ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን። ኮሚሽኑ ጋ አቤቱታ በነጻ ነው፣ በቃልም ይቀበላሉ፣ ተበዳዩ ራሱ ባይችል ቤተሰብ ወይም ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አያዩም፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስቡበት። ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶችን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ጠበቃ ሳያማክሩ ክስ መጻፍ ለማንም አይበጅም።

ሁልጊዜም ባለጉዳዩን ጠይቁ። «ተው፣ ይቅርብኝ» ካለ ይቀራል። በሰው ጉዳይ ጀግና አትሁኑ።

ገንዘብና ፎቶ

ኮሚቴው ጥሬ ገንዘብ አይያዝ። ለትራንስፖርትና ለፎቶ ኮፒ ከእድሩ ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ ይወጣል። ለአንድ ሰው መዋጮ ካስፈለገ እድሩ በራሱ ደንብ ያዋጣ፣ ኮሚቴው ስም አቅርቦ ይውጣ።

ዊልቸር ሲሰጥ ባነር ዘርግቶ ፎቶ መነሳት የሚባለውን ተዉት። ሰውየው መብቱን ነው ያገኘው፣ ምስጋና ለመቁጠር አይደለም የመጣው። ለጋሽ ማስረጃ ከጠየቀ የርክክብ ፊርማ ይበቃዋል። ልጅ ከሆነማ ፊቱ የትም አይለጠፍ፣ ቲክቶክ ላይም።

ርክክብ

የድሬ ሰው ይንቀሳቀሳል። ጸሐፊው ጅቡቲ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል፣ ሌላዋ አዲስ አበባ ትዛወራለች፣ ደብተሩም አብሮ ይጠፋል። በየስድስት ወሩ ደብተሩ፣ የስም ማዛመጃውና ገቢ የተደረጉት ደብዳቤዎች ለምክትሉ ታይተው ይፈረም። ያልተዘጋ ጉዳይ ካለ ቀጣዩ ቀጠሮ ቀን በቀይ ይጻፍ፣ ባለጉዳዩም ከአሁን በኋላ ማንን እንደሚጠይቅ በስልክ ይነገረው።